ኮሮና ይዞት የዳነ ሰው እስከ መቼ ይጠበቃል?

«አንድ ጊዜ ይዞ ለቆኛል፤ ከእንግዲህ አይነካኝም።» ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ይህን አባባል ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ወጣቶች ናቸው። በሽታው እንደ ጉንፋን ለሁለትና ለሦስት ቀን አመም አድርጓቸው አልፏል፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ከሰው ጋር ተጨናንቀው ይውሉና ማታ እያሳሉ ከአያታቸው አጠገብ ይቀመጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒውን የሚሉ አሉ። «በሽታው የሚተወው መከላከያ በሦስት ወር ውስጥ ከደም ይጠፋል ተብሏል፤ እንዲያ ከሆነ ክትባቱስ ምን ይፈይዳል?» ይላሉ።

ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ሙሉውን ግን አንዳቸውም አልያዙም። ጉዳታቸው ደግሞ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው አባባል የቤቱን አዛውንት ለበሽታ ያጋልጣል። ሁለተኛው ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ከክትባት ያስቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታውቅ እንጂ ቫይረሱ ከሰው መሐል አልወጣም። ስለዚህ ኮሮና ይዞት የዳነ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ምን ይቀርለታል? የቀረውስ እስከ መቼ ይቆያል? የሚለውን ጥያቄ ረጋ ብሎ መመርመር ለማንኛውም ቤተሰብ ይጠቅማል።

አንቲቦዲ ምንድን ነው?

አንድ ቫይረስ በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ የሰውነት የመከላከያ ሠራዊት ይነሣል። ከነዚህ ውስጥ «ቢ ሴል» የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች አንቲቦዲ የተባለውን ፕሮቲን ያመርታሉ። የኮሮና ቫይረስ በላዩ ላይ እሾህ የመሰሉ ነገሮች አሉት፤ ወደ ሴላችን የሚገባውም እነርሱን እንደ ቁልፍ እየተጠቀመ ነው። አንቲቦዲ በዚህ እሾህ ላይ ይለጠፍና ቁልፉ ከበሩ ጋር እንዳይገጥም ያደርጋል። በመጀመሪያ ብቅ የሚለው አይ.ጂ.ኤም. የሚባለው ዓይነት ነው። ለወራት የሚቆየው አይ.ጂ.ጂ. የተባለው ደግሞ በሽታው ከያዘ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በደም ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። አንቲቦዲ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ በደማችን ውስጥ ካለው አይ.ጂ.ጂ. ግማሽ ያህሉ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ፈራርሶ ያልቃል። እንግዲያው ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ በአንድ ሰው ደም ውስጥ አንቲቦዲ ከተገኘ ያ አንቲቦዲ የድሮው ሳይሆን አዲስ የተመረተ ነው ማለት ነው። በመሆኑም «አንቲቦዲ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ በእርግጥ «አንቲቦዲን የሚያመርቱት ሴሎች ስንት ጊዜ ይኖራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እነዚህ አምራች ሴሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ በሕመሙ ሰሞን በብዛት ይፈጠራሉ፤ ሌት ተቀን ያመርታሉ፤ በሽታው ሲያልፍ ደግሞ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሁለተኞቹ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። እነርሱ ወደ አጥንት መቅኔ ገብተው ይቀመጡና ለረጅም ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ከነዚህ ሌላ አንቲቦዲ ሳያመርቱ የጠላትን መልክ ብቻ ይዘው የሚጠባበቁ የማስታወሻ ሴሎች አሉ። ቫይረሱ ተመልሶ ቢመጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይባዛሉ። «ቲ ሴል» የሚባሉት ደግሞ ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች ለይተው ያጠፋሉ።

የሦስት ወሩ ወሬ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት ይፋ አደረጉ። በጥናቱ ከተመረመሩት ሰዎች 60 በመቶ የሚሆኑት በሕመማቸው ሰሞን ኃይለኛ አንቲቦዲ ነበራቸው። ከሦስት ወር በኋላ ግን ያንኑ ኃይል ይዘው የተገኙት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጋዜጦች ይህን ተቀብለው «መከላከያው ይጠፋል» ሲሉ ጻፉ። የዓለም ሕዝብም ደነገጠ።

ብዙም ሳይቆይ ከአይስላንድ ሌላ ውጤት መጣ። በዚያች ደሴት ከ30,000 በላይ ሰዎች ደማቸው ተመረመረ። በምርመራው ውስጥ ከነበሩት ከበሽታው የዳኑ 1,215 ሰዎች መካከል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንቲቦዲ ተገኘባቸው። መጠኑም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከፍ ብሎ እስከ አራተኛው ወር ድረስ አልወረደም።

ታዲያ ማንኛው ነው ትክክል? ለዚህ መልስ የሰጠው በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የዶክተር ዓሊ ኤለበዲና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ዶክተር ዓሊ በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የበሽታ መከላከል ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። አብዛኞቹ በሽታው ቀለል ያለባቸው 77 ሰዎች በየሦስት ወሩ ደማቸውን እንዲሰጡ አደረጉ። የአንቲቦዲው መጠን በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በፍጥነት ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ግን አካሄዱ ዘገየ። በአሥራ አንደኛው ወርም አንቲቦዲው ከደም አልጠፋም ነበር።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። ከ18ቱ ሰዎች በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር የአጥንት መቅኔ ወስደው መረመሩ። በ15ቱ መቅኔ ውስጥ የኮሮናን አንቲቦዲ የሚያመርቱት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሴሎች ተቀምጠው ተገኙ። ከአራት ወር በኋላ አምስቱ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ ሴሎቹ አሁንም በቦታቸው ነበሩ። በሽታው ፈጽሞ ባልያዛቸው ሰዎች መቅኔ ውስጥ ግን አልታዩም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መውረድ የመጥፋት ምልክት አልነበረም። የጎርፍ ሰሞን ሲያልፍ ወንዝ ወደ ወትሮ መጠኑ እንደሚመለስ ያለ ነገር ነው። የለንደኑ ጥናት ጎርፉ ሲጎድል አየ፤ የሴንት ሉዊሱ ደግሞ ምንጩ አለመድረቁን አሳየ።

የቀድሞ በሽታዎች ምን ያስተምሩናል?

ሰውነት አንዳንድ በሽታዎችን ዕድሜ ልኩን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን አትላንቲክ በምትገኘው የፋሮ ደሴቶች ኩፍኝ ገብቶ 7,800 ከሚሆነው ሕዝብ ከ6,000 በላይ የሚሆነው ታመመ። ሁኔታውን እንዲያጠና የተላከው ዴንማርካዊው ሐኪም ፒተር ፓኑም አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋለ። በደሴቶቹ ላይ ቀደም ሲል ኩፍኝ የገባው በ1781 ነበር። በዚያን ጊዜ በልጅነታቸው ታመው የዳኑት አዛውንቶች ከ65 ዓመት በኋላም ኩፍኙ አልያዛቸውም።

በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው በ1911 ዓ.ም. የገባው ኢንፍሉዌንዛም ሌላ ምሳሌ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ያን ወረርሽኝ በልጅነታቸው ያለፉ 32 አሜሪካውያን አዛውንቶች ተመርምረው ነበር። ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 ዓመት ነበር። ከ90 ዓመት በኋላም ደማቸው ያንን ቫይረስ የሚመክት አንቲቦዲ ነበረው።

የኮሮና ዘሮች ግን በዚህ ረገድ ይለያሉ። ተራ ጉንፋን የሚያመጡ አራት የኮሮና ቫይረሶች ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር ይኖራሉ። በሆላንድ አምስተርዳም ተመራማሪዎች አሥር ጤነኛ ወንዶችን ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ሲከታተሉ ያው አንድ ቫይረስ እየደጋገመ ይይዛቸው ነበር። ብዙውን ጊዜ ተመልሶ የያዛቸው በአሥራ ሁለተኛው ወር ገደማ ነው። በስድስት ወር የተደገመባቸውም አሉ። ቢሆንም ከሚታወቁት የጉንፋን ሕመሞች የባሰ ነገር አያመጣም።

በ2003 እ.ኤ.አ. በእስያ ተነሥቶ የነበረው ሳርስ የተባለው ኮሮናም ተጠንቷል። ከዳኑት ሰዎች ደም ውስጥ አንቲቦዲው በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከዚያ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ሲንጋፖር ውስጥ ከ17 ዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ ያንን ቫይረስ የሚያስታውሱ ቲ ሴሎች በሰዎቹ ደም ውስጥ በሕይወት ተገኝተዋል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ መርስ ነው። ይህን ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2012 በጂዳ ከአንድ ታማሚ ለይተው ያወጡት ግብጻዊው ዶክተር ዓሊ ሙሐመድ ዘኪ ናቸው። በጂዳ በበሽታው ተይዘው የዳኑ ዘጠኝ የሐኪም ቤት ሠራተኞች ሲመረመሩ ከባድ የሳንባ ምች ይዟቸው የነበሩት ከ18 ወር በኋላም አንቲቦዲ ነበራቸው። ሕመሙ ቀለል ያለባቸው ወይም ምንም ያልተሰማቸው ግን አንቲቦዲ አልታየባቸውም። ከዚህ የምንረዳው የሕመሙ ክብደትና የአንቲቦዲው መጠን የተያያዙ መሆናቸውን ነው። «እኔ እንኳ አልተሰማኝም፤ እንዲሁ አለፈኝ» የሚለው ወጣት በዚህ የሚኩራራበት ምክንያት የለውም።

ጠላት መልኩን ሲለውጥ

አንቲቦዲ የሚያውቀው ያየውን ጠላት ነው። ጠላት መልኩን ከለወጠስ? የብራዚሏ ማናውስ ከተማ ለዚህ ከባድ ዋጋ ከፍላለች። ደም ለጋሾችን መሠረት ባደረገ ስሌት እስከ ጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ከከተማዋ ነዋሪ 76 በመቶው በበሽታው ተይዞ እንደነበር ተገመተ። ብዙዎች «ከእንግዲህ ወረርሽኙ እዚህ አይመለስም» ብለው ነበር። በጥር 2021 ግን ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያ ተነሣ። የከተማዋ ሆስፒታሎች ሞልተው ኦክስጅን አለቀባቸው። በኦክስጅን እጦትም ሰዎች ሞቱ።

በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. የታወቀው ኦሚክሮን ከዚያም የበለጠ ተለዋወጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በ19 አገሮች የተደረጉ 65 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ልዩነቱን በቁጥር አስቀምጦታል። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ከ40 ሳምንት በኋላ ከኦሚክሮን በፊት በነበሩት ዝርያዎች ዳግም እንዳይያዝ የነበረው ጥበቃ 79 በመቶ ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ኦሚክሮን ዳግም እንዳይያዝ ግን 36 በመቶ ብቻ ነበር። ሆስፒታል ከሚያስገባና ከሚገድል ጽኑ ሕመም የነበረው ጥበቃ ግን በኦሚክሮንም ጊዜ ወደ 89 በመቶ ይጠጋ ነበር።

አንባቢ ይህን ልዩነት እንዲያስተውል እንወዳለን። ቫይረሱ አፍንጫ ውስጥ እንዳይገባ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ እንዳይገድል ማድረግ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሥራ በደምና በአፍንጫ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ብዙ አንቲቦዲ ይፈልጋል፤ እርሱም በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ሁለተኛው ሥራ የማስታወሻ ሴሎችና የቲ ሴሎች ነው፤ እነርሱም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። የዳነው ወጣት ዳግም ሲያዝ ለራሱ ቀላል የሚሆንለት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቫይረሱን ተሸክሞ ወደ ቤት ማምጣቱ አይቀርም።

በአገራችንም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ ምርመራ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. አንቲቦዲ የተገኘባቸው 10.9 በመቶ ነበሩ። በየካቲት 2021 ቁጥሩ 53.7 በመቶ ደረሰ። በጅማ ሕክምና ማዕከል ደግሞ በኅዳር 2020 ከነበረው 30.8 በመቶ ተነሥቶ በየካቲት ወደ 56.1 በመቶ ወጣ። ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቫይረሱን ቀምሰውታል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የኦሚክሮን ማዕበል ሲመጣ በአገሪቱ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ አሻቅቧል።

በሐረም በር ላይ የተነሣው ጥያቄ

የአንቲቦዲ ዕድሜ የሳይንቲስቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1442 ዓ.ሂ. የረመዳን ወር፣ ማለትም በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ሳዑዲ ዐረቢያ ለዑምራና በመስጂደል ሐረም ለመስገድ ፈቃድ የምትሰጠው «የመከላከል አቅም አላቸው» ለምትላቸው ሰዎች ብቻ ነበር። እነርሱም ሁለት ክትባት የወሰዱ፣ አንድ ክትባት ወስደው 14 ቀን የሞላቸው ወይም ከበሽታው የዳኑ ሰዎች ነበሩ። ከበሽታው የዳነ ሰው በስልክ በሚታየው የጤና መዝገብ ላይ ይህ ማዕረግ የሚጸናለት ለስድስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ክትባት ካልወሰደ ማዕረጉ ይነሣ ነበር።

ስድስት ወር የተባለው በስድስተኛው ወር መጨረሻ መከላከያው ድንገት ስለሚጠፋ አይደለም። በሽታው ከሰው ሰው እንደሚለያይ ሁሉ መከላከያውም ይለያያል። የሁሉንም መቅኔ መመርመር አይቻልም። ስለዚህ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቦታ የሚጠብቅ አካል ለሁሉም የሚሆን አንድ ወሰን ማበጀት ነበረበት። በእንግሊዝ አገር ከ25,000 በላይ የሆስፒታል ሠራተኞችን የተከታተለው ጥናትም በዚያው ሰሞን ታትሞ ነበር። በጥናቱ ቀደም ብሎ የታመመ ሰው ዳግም የመያዝ ዕድሉ በ84 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ጥበቃው የተመዘነው በአማካይ ለሰባት ወር ያህል ነበር። ይህ ሁሉ ከኦሚክሮን በፊት የነበረ ሒሳብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

እናትና ጨቅላ

ነፍሰ ጡር እናት አይ.ጂ.ጂ. የተባለውን አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሷ ታሳልፋለች። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ከእንገሩና ከጡት ወተቱ አይ.ጂ.ኤ. የተባለውን ሌላ ዓይነት ያገኛል። ይህ የእናት ስጦታ ግን የሚያልቅ ነው። ሕፃኑ ያገኘው አንቲቦዲውን እንጂ የሚያመርቱትን ሴሎች አይደለምና።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በተደረገ አነስተኛ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ከተከተቡ እናቶች የተወለዱ 28 ሕፃናት በስድስት ወራቸው ሲመረመሩ 16ቱ አንቲቦዲ ነበራቸው። በእርግዝና ጊዜ ታመው ከዳኑ እናቶች ከተወለዱት 12 ሕፃናት ግን የተገኘበት አንዱ ብቻ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም የሚያመለክተው ነገር አለ። እናቲቱ «ታምሜ ድኛለሁ» ብላ ብትተማመንም የልጇ ጥበቃ ከእርሷ ያጠረ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከበሽታው የዳነ ሰው ዳግም ሊያዝ እንደሚችል ይወቅ። ሲያስለውና ሲያተኩሰው «የኔ ያለፈ ነው» ብሎ ከአዛውንት፣ ከነፍሰ ጡርና ሥር የሰደደ በሽታ ካለበት ሰው አጠገብ አይቀመጥ። ጭምብል ማድረግና መስኮት መክፈት ዛሬም ይሠራል። አያትን ለመዘየር ሳሉ እስኪለቅ ሁለትና ሦስት ቀን መታገሥ ዝምድናን መቁረጥ አይደለም፤ ለዘመድ ማዘን ነው።

ሁለተኛ፣ የአንቲቦዲ ምርመራ በማድረግ ራስን እንደተጠበቀ መቁጠር አይገባም። ምርመራው በሽታው ቀድሞ ይዞ እንደነበር ሊያሳይ ይችላል። «ከዚህ በላይ ከሆነ አይዝህም» የሚባል የታወቀ ልክ ግን የለም። በመቅኔ የተቀመጡትንና ቲ ሴሎችን አያሳይም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ምርመራው ለዚህ ተግባር እንዳይውል አስጠንቅቋል።

ሦስተኛ፣ አንቲቦዲ ቀነሰ ተብሎ ክትባት ከንቱ ነው አይባልም። ለታመመ ሰው ክትባት በሚያስታውሱት ሴሎች ላይ የሚጨመር ማንቂያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አዛውንቶች፣ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የጤና ሠራተኞች ቀዳሚ እንዲሆኑ አሳስቧል። ከነዚህ ወገን የሆነ ሰው በቤቱ ያለው ቤተሰብ የት ክትባት እንደሚገኝ በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ወሬ ሲሰማ የቱ መከላከያ እንደሆነ ይጠየቅ። ከመያዝ ነው ወይስ ከጽኑ ሕመም? የሦስት ወሩ ድንጋጤም ሆነ የማናውስ መዘናጋት የመጣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው ይህ መከላከያ ትልቅ ጸጋ ነው። ጸጋ መሆኑ ግን ከጥንቃቄ ነጻ አያወጣንም። ሰበቡን ማድረስና በአላህ መመካት አብረው የሚሄዱ ናቸው። ወጣቶች ሆይ! በቤታችሁ ውስጥ ያሉት እናትና አባት፣ አያትና ጨቅላ እናንተ ዘንድ አማና ናቸው። ሳል በያዛችሁ ቀን ከነርሱ ራቅ በሉ፤ ጭምብሉንም አትርሱ።

ወላሁ አዕለም።